ሃያ ስምንት ሳጥኖች

የእህቴ ባል የትምህርት ቤት ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንተኛ ነው?» አልፈርድበትም። ያደግነው ካርዳችን ላይ ከአማካዩ ሥር ደረጃ እየተጻፈ ነው፤ ወላጆቻችንም ሒሳብ ስንት አመጣህ ከማለታቸው በፊት ዐይናቸው የሚሮጠው ወደዚያች ቁጥር ነበር። ሴት ልጁ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲመጣ፣ እሱም ነገሩን የጀመረው ከደረጃ ሰንጠረዥ ነው። እኔ የተጠራሁት ባልና ሚስት ሁለት ሳምንት ከተጨቃጨቁ በኋላ ነው፤ «አንተ የእነዚህን ልጆች ሒሳብ ስታስጠና ነው የምትውለው፣ ነገሩን ታውቀዋለህ» ተብዬ። የማውቀው ግማሹን ነበር። ቀሪውን አብረን ተማርነው።

ቤተሰቡ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። እዚህ ልጅ የሚማርበት የሕዝብ ትምህርት ቤት በመኖሪያ አድራሻው ይወሰናል። አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አድቫንስድ ፕሌስመንት የሚባለውን የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት፣ በአጭሩ ኤፒ፣ ይሰጣሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ ማለትም አይቢ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት አንዱን የሚሰጥ ሆኖ ተማሪው ሌላውን ከፈለገ የዝውውር ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። የእነሱ ሰፈር ትምህርት ቤት የአይቢ ነው። አባትየው የተመኘው ሰባት ማይል ርቆ የሚገኘውን የኤፒ ትምህርት ቤት ነበር።

በአደባባይ የማይነገረውን ልናገር። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ዝውውር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ለኤፒ ፍቅር ተብሎ አይደለም። ኤፒ የበሩ ስም ነው። ከበሩ ወዲያ የሚፈለገው ቤቱ ውድ የሆነበት ሰፈር ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «እዚያ ያሉት ልጆች ጎበዞች ናቸው» እየተባለ የሚወራለት። ይህንኑ ለእህቴ ባል ፊት ለፊት አቀረብኩለት። ስኒውን እያሽከረከረ ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ እሱም አለበት» አለ። ከሁለት ሳምንት ጭቅጭቅ ይልቅ ይህች ሦስት ቃል ነገሩን አቀለለችው። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ጥያቄ ለብቻው፣ የፕሮግራሙን ጥያቄ ለብቻው ማየት ቻልን።

ፕሮግራሙን ለእህቴ ያስረዳሁት በምግብ ነው። ኤፒ ቡፌ ነው። ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚያስተዳድረው ሲሆን፣ ዛሬ ወደ 40 የሚጠጉ ኮርሶች አሉት። እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው። ተማሪው አንዱን ያነሳል፣ ሌላውን ይተዋል፤ በሜይ ወር ይፈተናል፣ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል። አይቢ ዲፕሎማ ግን በየዓይነቱ ነው፤ ሳህኑ ተሟልቶ ነው የሚቀርበው፣ ሽሮውን ወድጄ ጎመኑን አልፈልግም አይባልም። ድርጅቱ በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተ ነው። ዲፕሎማው አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን ክፍል ይይዛል። ተማሪው ስድስት ትምህርት ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሦስቱን በከፍተኛ ደረጃ፣ እያንዳንዱን 240 ሰዓት፣ ሦስቱን በመደበኛ ደረጃ፣ እያንዳንዱን 150 ሰዓት። በዚያ ላይ የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ የሚሉት ትምህርት፣ እስከ 4000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ፣ እንዲሁም የፈጠራ፣ የስፖርትና የበጎ አገልግሎት ሥራ አለ። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ይታረማል፤ ሙሉው 45 ነው፤ ዲፕሎማውን ለማግኘት ሌሎቹ መስፈርቶች እንዳሉ ሆነው ቢያንስ 24 ያስፈልጋል።

አባትየው ይህን ሲሰማ «ይሄማ ማትሪክ ነው!» አለ፤ ፊቱም ተለወጠ። ማትሪክ የተፈተነ ሰው ሁለት ዓመት ለፍቶ በሦስት ሳምንት ፈተና መመዘን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከፊሉ ነጥብ በትምህርት ዓመቱ ውስጥ በሚሠሩ ሥራዎች እንደሚያዝ ነገርኩት፤ ጥቂት ተረጋጋ። ያልነገርኩት፣ በኋላ ግን የነገርኩት ነገር ቢኖር የዲፕሎማው ውጤት የሚመጣው በጁላይ መሆኑን ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበልናችሁ ወይም አልተቀበልናችሁም ካሉ ከወራት በኋላ። የኤፒ ተማሪ በአሥረኛና በአሥራ አንደኛ ክፍል ያመጣውን 4 ወይም 5 ማመልከቻው ላይ ሊጽፍ ይችላል። የአይቢው ተማሪ ያን ጊዜ በእጁ ያለው በአብዛኛው የክፍል ውጤቱና መምህራኑ የሰጡት ግምት ነው።

አሁን ወደ «ስንተኛ ነው» እንመለስ። በዋሽንግተን አካባቢ ይህ በሽታ ታሪክ አለው። በ1998 የወጣውና ኋላ ዋሽንግተን ፖስት ለዓመታት ያተመው የትምህርት ቤቶች ደረጃ ሲሠራ የነበረው ተማሪዎቹ የተቀመጡባቸውን የኤፒና የአይቢ መሰል ፈተናዎች ብዛት ለተመራቂዎቹ ቁጥር በማካፈል ነው። ማለፍና መውደቅ አይቆጠርም ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ድሃ ተማሪን ከከባድ ትምህርት የሚያርቁ ትምህርት ቤቶችን ለመውቀስ ነበር። ግን አባቶች ያነበቡት እንደ ክፍል ደረጃ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያየው የዩ.ኤስ. ኒውስ ሰንጠረዥ ውጤትንም ያያል፤ ከነጥቡ 30 በመቶ የሚሆነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በእነዚህ ፈተናዎች ምን ያህል እንደተሳተፉና ምን ያህል እንዳለፉ የሚለካ ነው።

የማለፊያ መቶኛ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት አንድ ምሳሌ አመጣሁ። በመላ አገሪቱ በኤፒ የአሜሪካ ታሪክ ፈተና 3 እና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2023 ከግማሽ በታች ነበሩ። በ2024 ከ70 በመቶ በላይ ሆኑ። በአንድ ዓመት የአሜሪካ ልጆች ታሪክ ድንገት ገብቷቸው አይደለም፤ ኮሌጅ ቦርድ ነጥብ የሚሰጥበትን መለኪያ ስለለወጠ ነው። እንግዲህ አንድ ትምህርት ቤት «ውጤታችን አሻቀበ» ሲል መጀመሪያ የሚታየው ዓመተ ምህረቱ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ደግሞ ስንቱ ተፈተነ የሚለው ነው። ደካሞቹ እንዳይቀመጡ የሚመክር ትምህርት ቤት ያለ ብዙ ድካም ከፍተኛ መቶኛ ያገኛል።

የእህቴ ባል ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ በምን እናወዳድር?» አለ። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነበር። ሴት ልጁን ጠርቼ ባለ ካሬ ወረቀት እንድታመጣ ነገርኳት።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ በዓመት ሰባት ትምህርት ይይዛል። አራት ጊዜ ሰባት ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት ሳጥን አሰመረች። ቨርጂኒያ ከሁለተኛ ደረጃ ሲመረቁ የምትሰጠው ከፍተኛ ዲፕሎማ 26 ክሬዲት ይጠይቃል፤ አንድ ሳጥን አንድ ክሬዲት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ እንግሊዝኛ አራት፣ ሒሳብ አራት፣ ሳይንስ አራት፣ ታሪክና ማኅበራዊ ጥናት አራት፣ የውጭ ቋንቋ ሦስት፣ ጤናና ስፖርት ሁለት፣ ኢኮኖሚክስና የግል ገንዘብ አያያዝ አንድ፣ ኪነ ጥበብ ወይም ሙያ አንድ። እርሳሷን እየላሰች ሞላችው፤ ሃያ ሦስት ሆነ። በስምንተኛ ክፍል የያዘችው አልጀብራ 1 ለክሬዲት ቢቆጠርላትም፣ ሒሳብን አራቱንም ዓመት መቀጠሏ ስለማይቀር ሳጥን አላስለቀቀም። አምስት ባዶ ቀረ። ቀጥላ፣ ማንንም ሳታማክር፣ በየዓመቱ አንድ ሳጥን ላይ «ክላርኔት» ብላ ጻፈች። አንዱ የኪነ ጥበብን ቦታ ያዘ፣ ሦስቱ ከባዶዎቹ ተነሡ። ሁለት ቀረ።

እናትየው «ሁለት ብቻ?» አለች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የኤፒው ትምህርት ቤት ዝርዝር ከሰላሳ በላይ ኮርስ አለው። ለአንዲት ልጅ ግን ሰላሳው ምንም አይደለም። ኮርስ በኮርስ ስንደረድር እሷ እዚያ ብትሄድ በአራት ዓመት የምትወስደው ኤፒ ስምንት፣ ቢበዛ ዘጠኝ ሆነ። የቀረው የሌላ ሰው ልጅ ቡፌ ነው።

ሌላም ነገር ወረቀቱ ላይ ወጣ። አልጀብራ 1ን በስምንተኛ ክፍል የያዘ ልጅ ጂኦሜትሪን በዘጠነኛ፣ አልጀብራ 2ን በአሥረኛ፣ ቅድመ ካልኩለስን በአሥራ አንደኛ፣ ካልኩለስን በአሥራ ሁለተኛ ይወስዳል። በካልኩለስ የሚሠራው ከባዱ የኤፒ ፊዚክስ፣ ፊዚክስ ሲ የሚሉት፣ ካልኩለስን አብሮ መያዝ ስለሚጠይቅ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በፊት አይታሰብም። በአይቢውም በኩል የከፍተኛ ደረጃ ሒሳብ በአሥራ አንደኛ ተጀምሮ በአሥራ ሁለተኛ ያልቃል፤ ካልኩለሱ በውስጡ አለ። ስለዚህ ልጅቷ በየትኛውም መንገድ ብትሄድ የምትደርሰው እዚያው ነው፤ የወሰነላት የፕሮግራሙ ስም ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት ማንም ልብ ሳይለው የተፈረመ የሒሳብ ምደባ ነው። ለሦስት ሳምንት ያልተነሳው ጉዳይ ይህ ነበር።

በአይቢ ዲፕሎማ ስንሞላው ደግሞ ክላርኔቱ ላይ ተጋጨን። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አሥራ አራት ሳጥን አለ። ስድስቱ ትምህርቶች በሁለት ዓመት አሥራ ሁለቱን ይይዛሉ፤ የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ አንዱን። አንድ ይቀራል፤ ሙዚቃው ሁለት ይፈልጋል። አንዳንድ ትምህርት ቤት መደበኛ ደረጃውን በአንድ ዓመት ያስጨርሳል፤ የሰፈራችን ግን በሁለት ዓመት ነው። ሙዚቃን እንደ ስድስተኛ ትምህርት መያዝ ይቻላል፣ ያን ጊዜ ሁለተኛው ሳይንስ ይቀራል። እሷ ደግሞ ምህንድስና ነው የምታልመው።

በወረቀት ላይ የኤፒው ትምህርት ቤት አሸነፈ። እዚያ ላይ አልዋሽም። ምህንድስና ለሚፈልግ ልጅ የካልኩለስና የፊዚክስ ሲ ፈተና ከዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ጋር በቀጥታ ይገጥማል፤ የአይቢ ከፍተኛ ደረጃ ፊዚክስ በካልኩለስ አይሠራም። ዩኒቨርሲቲዎችም ለአይቢ ክሬዲት ሲሰጡ ብዙዎቹ የሚያዩት ከፍተኛ ደረጃውን ብቻ ነው፣ ያውም 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን። በሌላ በኩል ይህች ልጅ መጻፍ ትፈራለች። አንድ ገጽ ድርሰት ለመጻፍ አንድ ቅዳሜ ትፈጃለች። አይቢ ደግሞ ሳያጽፍ የሚያሳልፈው ትምህርት የለም፤ በሒሳብ እንኳ ያጽፋል። ይህ ለእሷ መድኃኒት ይሁን ቅጣት፣ እኔና እናትየው እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ሄደን አየን። በኤፒው አዳራሽ ጥሩ ገለጻ ተደረገ። ፊዚክስ ሲ በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ሳይሆን ዘንድሮ በእርግጥ እየተሰጠ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ በቂ ተማሪ ካልተመዘገበ ኮርስ በዝርዝር ላይ ኖሮ በክፍል ውስጥ ላይኖር ይችላልና። «አዎ፣ አንድ ክፍል አለ» ተባልኩ። ኮርሱን ከሚወስዱት ስንቱ ፈተናውን እንደሚቀመጡ ስጠይቅ በኢሜይል እንልክልዎታለን አሉኝ። አልላኩም።

በአይቢው አስተባባሪዋ ራሳቸው አነጋገሩን። ዲፕሎማውን ከሚጀምሩት ስንቱ እንደሚጨርሱ ጠየቅኋቸው። «ገሚሱ ያህል» አሉኝ ያለምንም ማድበስበስ፤ ቀሪዎቹ የሚፈልጉትን ኮርስ ብቻ ነጥለው ይፈተናሉ። አይቢን እንደ ቡፌ መብላት እንደሚቻል የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ የበየዓይነቱ ምሳሌዬም እዚያው ተበላሸብኝ። ልጅቷ አንድ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ገብታ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ስትወጣ መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ «ጋሼ፣ መምህሩ መልሱን እኮ አልነገራቸውም» አለችኝ። አንዱ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ጻፈ፤ መምህሩ በምን አወቅህ አሉት፤ ከዚያ ዝም ብለው ጠበቁ። የግድግዳውን ሰዓት አይታ ቆጥራለች፤ አርባ ሰከንድ።

አስተባባሪዋን አንድ ሌላ ነገር ጠይቄያቸው ነበር። አይቢ ውስጥ ትምህርት ቤቱ መምህር ባይኖረውም ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሥነ ጽሑፍን በራሱ አጥንቶ በመደበኛ ደረጃ የሚፈተንበት መንገድ አለ። አማርኛ መሆን አለበት ብዬ ልቤ ዘለለ። ልጅቷ አቆመችኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ ፊደል እቆጥራለሁ እንጂ ልብ ወለድ አላነብም።» እውነቷን ነው። ያን ቀን ያዘንኩት በአይቢም በኤፒም አልነበረም።

ጣምራ ምዝገባ የሚሉት ሦስተኛ መንገድም ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ተቀምጦ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱን የሕዝብ ኮሌጅ፣ ኮርስ መውሰድ። ቤተሰቡ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለውን ቃል ሲሰማ አፍንጫውን ነፋ፤ እኔ ግን ብዙ ወላጅ የሚንቀው ያለ አግባብ ይመስለኛል። ክሬዲቱ የሚገኘው በአንድ ቀን ፈተና ሳይሆን በሴሚስተሩ ውጤት ነው፤ ለቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ይጠቅማል። እንከኑ፣ የተበላሸ ውጤት በኮሌጅ ማኅደር ላይ ተመዝግቦ አብሮ መኖሩና ከግዛቱ ውጭ ያሉ ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱን አለመቀበላቸው ነው።

ጉዳዩን የቆረጠው በመጨረሻ ሳጥኑም ሰንጠረዡም አልነበረም። በፌርፋክስ ሁለተኛ ደረጃ የሚጀምረው በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 8፡10 ላይ ነው፤ በዝውውር የሄደ ተማሪ የሚመጣውና የሚሄደው በወላጁ ነው። እናትየው ሆስፒታል ሥራ የምትገባው በዚያው አቆጣጠር ከጠዋቱ በ7 ሰዓት ነው። አባትየው ሌሊት ነድቶ የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ ሰው ጠዋት ሰባት ማይል ሄዶ ሰባት ማይል ይመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይድገም፣ አራት ዓመት። እህቴ ይህን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈችው፤ ማንም አልተከራከረም። ነገ ሐሳብ ብንለውጥስ ለሚለው ግን አንድ ነገር ልብ ብለን ነበር፤ ልጁ ስፖርተኛ ከሆነ ዘጠነኛ ክፍልን ከጀመረ በኋላ ቤተሰቡ ቤት ሳይቀይር ትምህርት ቤት መቀየር በቨርጂኒያ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር ሕግ 365 ቀን ከውድድር ሊያስቀር ይችላል። ክላርኔት እንዲህ ያለ ሕግ የለውም።

ስለዚህ ሰፈሯ ገባች። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት።

ያጠፋሁትን ልንገር። የኤፒውን ትምህርት ቤት ፊዚክሱ በእርግጥ ይሰጣል ወይ ብዬ ያፋጠጥኩትን ያህል፣ የሰፈሩን ትምህርት ቤት የከፍተኛ ደረጃ ሒሳቡ የራሱ ክፍል አለው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። የለውም ነበር። የተመዘገቡት ጥቂት ስለሆኑ ዘንድሮ ከመደበኛ ደረጃዎቹ ጋር በአንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ መምህሩ ለከፍተኛ ደረጃዎቹ ተጨማሪ ወረቀት ይሰጧቸዋል፣ ከትምህርት በኋላ ያብራሩላቸዋል። ትጉህ ሰው ናቸው። ግን ወረቀት ክፍል አይሆንም፤ የጎደለውን ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ እሞላለሁ።

ዲፕሎማውንም አልያዘችም። አሥረኛ ክፍል ሲያልቅ ወረቀቱን አውጥታ፣ የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ የተጻፈበትን ሳጥን ደምስሳ ክላርኔት ጻፈችበት። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ በከፍተኛ ደረጃ፣ ታሪክ በመደበኛ፤ 4000 ቃሉ የለም። አባቷ እኔ ላይ ነው የመጣው፦ «ዲፕሎማውን ካልወሰደች አይቢ ትምህርት ቤት ምን ልትሠራ ገባች?» መልስ ሳልሰጠው እሷ «አባዬ፣ እንግሊዝኛው ብቻ ዘንድሮ ስንት ገጽ እንዳስጻፈኝ ታውቃለህ?» አለችው። አያውቅም ነበር። ደብተሯን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፣ መነጽሩን አደረገ፣ ማንበብ ጀመረ።

ባለ ካሬው ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ እንደተለጠፈ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ረድፍ ላይ አንዱ ሳጥን ብዙ ስለተደመሰሰ ተበስቷል። ታናሽ ወንድሟ ስድስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሰሞን አባትየው ከመምህሩ ጋር ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቀው የሒሳብ ምደባው በየትኛው ወር እንደሚወሰን ሊጠይቅ ነው አለኝ።